«ኮምፒዩተሩ ሞቷል!»

ዛሬ ዛሬ በጋራዦቻችን ደጃፍ እንደ መርዶ የሚነገር አንድ ቃል አለ። «ኮምፒዩተሩ ሞቷል!» መኪናዋ ጠዋት አልነሣም ብላ ይሆናል፤ ዳገት ላይ አቅም አጥታ ይሆናል፤ ወይም የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጥቅጣ ይሆናል። ባለሙያው ኮፈኑን ያነሣል፤ ከስልክ የማትበልጥ መመርመሪያውን ይሰካል፤ ስክሪኗን አየት አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ መርዶው ይመጣል። ባለመኪናውም መርዶ እንደ ሰማ ሰው ክው ይላል እንጂ አይጠይቅም። በምን ሞተ? መቼ ሞተ? መሞቱንስ ማን አረጋገጠ? የሚል የለም። ኪሱን እየዳበሰ «ስንት ያስወጣል?» ይላል።

አያቶቻችን ምንነቱ ያልታወቀ ሕመም ሲያጋጥማቸው «ዛር ነው» ይሉ ነበር። ቃሉ በሽታውን አይገልጥም፤ ጥያቄውን ነው የሚዘጋው። «ኮምፒዩተሩ ነው» የዘመናችን ዛር ነው። እንዲያውም የድሮው ዛር ይሻላል። ስም ነበረው፤ ባለዛሯ ላይ ሰፍሮ ምን እንደሚፈልግ በአንደበቱ ይናገር ነበር፤ ሽቶ፣ ቡና፣ ገብስማ ዶሮ። የጋራዡ ዛር አይናገርም። የሚፈልገውን የሚያውቅለት ባለጋራዡ ብቻ ነው፤ የሚፈልገውም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ የሚመጣ ሌላ ሳጥን።

ይህን የምጽፈው በወሬ ሰምቼ አይደለም። አምና ክረምት የራሴ መኪና በዝናብ ማግስት እምቢ ስትል አንድ ጋራዥ (ስሙ ይቆየን) ይህንኑ መርዶ ነገረኝ። ለሳጥኑ የተጠየቅሁት ዋጋ የሁለት ወር ገቢዬ ነው። «እንዴት አወቃችሁ?» ብል፣ ልጁ በትሕትና ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ የኤሌክትሮኒክስ ነገር ነው፤ ለእርስዎ ለማስረዳት ይከብዳል» አለኝ። ማስረዳት የከበደው ከእኔ መሃይምነት ይሁን ከእሱ፣ ለጊዜው ሳይለይ ቀረ። ማታ የእህቴ ልጅ መጣ። አንዲት የቮልት መለኪያ ይዞ ከመኪናዋ ሥር ተጋደመ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ፈትቶ አሳየኝ። ጫፉ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ፈቀፈቀው፣ መልሶ አጠበቀው፣ ቁልፉን አዞረ። ሟቹ ተነሣ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቆይቼ ግን ተናደድሁ። ይህ ጽሑፍ የንዴቱ ነው።

ስለ ልጁ ደግሞ ልንገራችሁ፤ የዛሬው ነገሬ ያለው እሱ ዘንድ ነውና። በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ተምሮ፣ ዲሽ እየተከለና ቴሌቪዥን እየጠገነ የሚኖር ጎልማሳ ነው። ከአባቱ የወረሳት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1982 ሥሪት የሆነች ኮሮላ ዲኤክስ አለችው። (ዲኤክስን የማያውቅ አዲስ አበቤ ካለ አዲስ አበቤነቱ ይጣራ።) ይህችን መኪና ካርቡሬተሯን አወረደና፣ በገዛ እጁ የበየደውን ኮምፒዩተር ገጠመላት። በትክክል ነው ያነበባችሁት። ከተፈጠረች ጀምሮ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ኖሯት ለማታውቅ አሮጊት ኮምፒዩተር ሠራላት። ከተማው በሙሉ የፋብሪካ ኮምፒዩተሩን ሲቀብር፣ እሱ ያልነበረውን ወለደ።

ዘመድ አዝማዱ ምን አለ? ሳቀበት። እናቱ፣ ማለትም እህቴ፣ «እቁቡን ለሽቦ አዋለው» ብላ አለቀሰች። አንድ ኢንጂነር ወዳጄ ደግሞ ሳቁን እንኳ አልሳቀም፤ ተቆጣ። ወደ ቁጣው እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ልጁ የሠራውን እንየው፤ ከሳቁት ሰዎች አንዳቸውም ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብለው አላዩትምና።

የቤንዚን ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ዋናው ቀለቡ አየር ነው። ለአንድ ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ገደማ አየር ሲያገኝ ሁለቱም ሳይተራረፉ ይቃጠላሉ። ይህን ሚዛን ሲጠብቅ የኖረው ካርቡሬተር የተባለው ዕቃ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሞተሩ አየር ሲስብ በጠባብ ጉሮሮ ያልፋል፤ ሲያልፍ በተለካች ቀዳዳ ቤንዚን ይጎትታል። ችግሩ ቀዳዳዋ አንዴ ከተበሳች ተበሳች ነው። የት እንዳለች አታውቅም። ለባሕር ጠረፍ አየር የተበሳች ቀዳዳ ይዛችሁ አዲስ አበባ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስትወጡ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። አየሩ ሳሳ፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው መጠን አልቀነሰም። ድብልቁ ወፈረ ማለት ነው። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ይጨሳል፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ከኋላችሁ ያለው ሰው አፍንጫውን ይይዛል። ለደጋው አየር አሳንሳችሁ ብታስበሱት ደግሞ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ድብልቁ ይሳሳና ሞተሩ መንተባተብ ይጀምራል። ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ እንደገና ሌላ አየር ነው። ባለ ተራራ አገር ውስጥ አንድ ቀዳዳ ለሁሉም አይበቃም።

የድሮ መካኒኮቻችን ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ጣል አድርገው፣ ካቻቢቴዋን ሩብ ዙር ወደዚህ፣ ሩብ ዙር ወደዚያ እያሉ ሚኒሞውን እንደ ክራር የሚቃኙ ሰዎች ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ዛሬም አሉ። እነሱ ላይ አፌን አልከፍትም። ጠቤ ቅኝቱን ጥለው ሳጥን መሸጥ ከጀመሩት ጋር ነው።

የልጁ ሥራ ያንን ጆሮ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። በካርቡሬተሩ ቦታ ከሌላ መኪና የተፈታ የአየር በር ገጥሞ፣ ማኒፎልዱ ላይ የአራት ኢንጀክተሮች መቀመጫ አስበይዷል። የሞተሩ ፑሊ ላይ በቶርኖ የተሠራ ጥርሳም ጎማ አለ፤ 36 ጥርስ የሚገባው ሆኖ ሆነ ተብሎ አንዱ ጎድሏል። ጎዶሎዋ በአነፍናፊው ፊት ባለፈች ቁጥር ሞተሩ የት እንደ ደረሰ ይታወቃል። እንደኛ ሰፈር ቤት ቁጥር ነው፤ በጎደለው ነው ቦታው የሚለየው። ሌላ አነፍናፊ የማኒፎልዱን ግፊት ይለካል፤ ሌሎች የውሃውን ሙቀት፣ የአየሩን ሙቀት፣ እግራችን ምን ያህል እንደ ረገጠ። ኮምፒዩተሩ እነዚህን ሰብስቦ «አሁን ሲሊንደሩ ውስጥ ይህን ያህል አየር ገብቷል፤ ስለዚህ ኢንጀክተሩ ይህን ያህል ሚሊ ሰከንድ ይከፈት» ብሎ ይወስናል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ለክቶ፣ አስልቶ፣ ከፍቶ ይዘጋል። የካንዴላውን እሳት ለጊዜው በአሮጌው ዲስትሪቢውተር ትቶታል። «አንዱን ሳልጨርስ ሁለተኛውን አልነካም» ይላል። እኔ ከማውቃቸው ብዙ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ይልቅ ዕቅድ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣው? ከሰማይ አልወረደለትም። ንድፉ ስፒዱኢኖ ይባላል፤ ጆሽ ስቱዋርት የተባለ አውስትራሊያዊ የጀመረውና ለፈለገ ሁሉ ተከፍቶ የተቀመጠ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2001 ሜጋስኩዊርት ብለው ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚበይደው የሞተር ኮምፒዩተር አውጥተዋል። በሁለቱም ሥዕሉ አለ፣ የሽቦው መንገድ አለ፣ ያልገባህን የምትጠይቀው ሰው አለ። ስፒዱኢኖ የሚቀመጥበት ሰሌዳ አርዱዪኖ ሜጋ ነው፤ ተማሪዎች አምፖል ብልጭ ድርግም ማድረግ የሚለማመዱበት ርካሽ ሰሌዳ። አርዱዪኖ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ጣልያን፣ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ ነው።

ጣልያን ስል የቋንቋ ነገር አመመኝ፤ የቀድሞ ሥራዬ ነውና ታገሡኝ። የጋራዣችን መዝገበ ቃላት ጣልያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቶርኖ፣ ቦሎ ሳይቀር። እነዚህ ቃላት ባዕድ ሆነው አልቀሩም። ምክንያቱም ከዕቃው ጋር ገቡ፤ ዕቃውም በእጃችን ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተገጠመ። ካንዴላ ያለ ሰው ካንዴላ ነቅሎ አይቷል፤ ጥላሸቷን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጓል። ቃሉ ከእጁ ጋር ስለተዋወቀ አማርኛ ሆነ። «ኮምፒዩተር» ግን ጋራዥ ከገባ ይኸው ስንት ዓመቱ፤ እስከ ዛሬ እንግዳ ነው። ከፍቶ ያየው የለማ! ስለዚህ ለማይታወቅ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የመኪና መሪ ከከበደ ኮምፒዩተሩ፣ ቤንዚን ከበላች ኮምፒዩተሩ፣ ፍሬኑ ከጮኸም አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ መባሉ አይቀርም። ልጁ ያደረገው አንድ ነገር ቢኖር ይህን ቃል እንደ ካንዴላ ነቅሎ ማየት ነው።

ወደ ሠንጠረዡ ልመለስ፤ እኔን የማረከኝ እሱ ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ 16 በ16፣ በጠቅላላው 256 ቤቶች ያሉት ገበታ አለ። በአንድ በኩል የሞተሩ ፍጥነት፣ በሌላው የማኒፎልዱ ግፊት። በየቤቱ አንድ ቁጥር አለ፤ ሲሊንደሩ በዚያ ሁኔታ ምን ያህል አየር እንደሚሞላ የሚናገር። የፊደል ገበታችን 33 በ7 ነው፤ 231 ቤት። እኛ ያንን ገበታ ስንማር «ለምን» ማለት አለንጋ ያስከትል ነበር። በዚህኛው ገበታ ግን ለእያንዳንዷ ቤት ምክንያት ካላቀረብክ መኪናዋ አትሄድም። የቁጥሮቹን መጀመሪያ ከሌላ ሰው መገልበጥ ይቻላል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ ግን ያነክሳል። የሌላ ሰው ሞተር ነዋ! ራስህ ነድተህ፣ ለክተህ፣ ቤቷን አርመህ ነው የምታስተካክለው።

እኔም ሾፌር ሆኜ አብሬው ወጥቻለሁ። እሱ ከጎኔ ላፕቶፕ ጭኑ ላይ፤ ከማርሚታው ውስጥ የተተከለች የኦክስጅን አነፍናፊ የተቃጠለውን ጭስ እያሸተተች ሚዛኑን ትነግረዋለች። በሱሉልታ መንገድ ላይ «ጋሼ፣ እግርህን አታንቀሳቅስ፤ እዚህች ቤት ላይ ትንሽ ቆይልኝ» ይላል። 52 የነበረውን 47 ያደርገዋል። «ለምን?» እላለሁ። «ወፍሮ ነበር፤ እየው» ብሎ ያሳየኛል። ሃያ ዓመት ገደማ የተማሪ ድርሰት ሳርም፣ ካረሙት ቃል ጎን «ለምን» ብዬ ስጽፍ በማስረጃ የመለሰልኝ ተማሪ በጣቴ የምቆጥረው ነው። ይህ ዲሽ ሠራተኛ 256 ጊዜ ይመልሳል።

አሁን ወደ ኢንጂነሩ ወዳጄ ቁጣ። ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ «ቶዮታ በሺህ የሚቆጠር መሐንዲስ ይዞ የሠራውን መነካካት ድፍረት ነው፤ ፋብሪካው ያውቃል።» ሁለተኛውን በጆሮዬ ነው ሹክ ያለኝ፤ «እኔ አምስት ዓመት ተምሬ ያልደፈርኩትን ዲሽ ሠራተኛ?»

ለመጀመሪያው መልስ አለኝ። ፋብሪካው ያውቃል፤ አልክድም። ግን የሚያውቀውን ሁሉ ላንተ ይነግርሃል ያለው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይፋ እንዳደረገው፣ ቮልስዋገን በናፍጣ መኪኖቹ ኮምፒዩተር ውስጥ መኪናዋ ስትመረመር የሚያውቅ ፕሮግራም ደብቆ ኖሯል። ምርመራ ላይ ስትሆን ጭሷን ሰብሰብ ታደርጋለች፤ መንገድ ላይ ስትወጣ ትለቀዋለች። እንደኛ አገር ቢሮ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ የሚጸዳ! በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ይህን የያዙ ነበሩ። ነገሩ እንዲጋለጥ መንገድ የከፈቱት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፤ መለኪያቸውን መኪና ላይ ጭነው መንገድ ለመንገድ እየነዱ ለኩ። የእህቴ ልጅ ሱሉልታ መንገድ ላይ ከሚያደርገው በዓይነቱ አይለይም። የታሸገ ሳጥን ሊዋሽ ይችላል፤ ዓለም የተገላገለው «ፋብሪካው ያውቃል» ብለው ባልተቀመጡ ሰዎች ነው። የዲኤክሷም ቀዳዳ ቢሆን ቶዮታ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እንጦጦን አስቦ አልበሳትም፤ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሹክሹክታ ግን የኢንጂነሩ ብቻ አይደለም፤ የሁላችን ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያለ የሚያንቋሽሸውን። አንድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን መኪና፣ ዎልስሊዋን፣ ከጅቡቲ በኩል እየነዳ አዲስ አበባ ያስገባትም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። አስቡት፤ መኪናዋና አዋጁ የዕድሜ እኩዮች ናቸው! መኪናዋን ተቀበልናት፤ ተሽከረከርንባት፤ ሠርግ አጀብንባት። አዋጁን ግን እስከ ዛሬ አላደረስነውም። ስድቡ ልብሱን ቀይሮ «ዲሽ ሠራተኛ» ሆነ እንጂ አልቀረም። ልጃችን መኪና ገዛ ስንል እልል፤ ልጃችን መኪና ፈታ ስንል «ምነው ሥራ ጠፍቶ ነው?»

የእኛ የተማርን ሰዎች ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ «ቋንቋውን እዩልን» እየተባልኩ የምህንድስና ተማሪዎችን የመመረቂያ ሥራ ብዙ አንብቤያለሁ። በማይክሮኮንትሮለር የሚሠራ መስኖ፣ በማይክሮኮንትሮለር የሚሠራ የትራፊክ መብራት፣ በማይክሮኮንትሮለር የሚከፈት የግቢ በር። ሁሉም በጥቁር ጥራዝ፣ በወርቅማ ፊደል። ሁሉም ይሠራል፤ በሲሙሌሽን። በሲሙሌሽን የማይሠራ ነገር አላየሁም። ዝናብ የለ፣ አቧራ የለ፣ የዛገ ሽቦ የለ። ያው የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍላችንም ቢሆን ልብ ወለድ ሳይጻፍበት ስለ ልብ ወለድ ብዙ የተጻፈበት ቤት ነውና፣ ድንጋይ የምወረውረው ወደ ጎረቤት ብቻ አይደለም። ግን እጠይቃለሁ፤ አንዱ ጥራዝ ወጥቶ አንድ አሮጌ ላዳ ላይ፣ አንድ ሚኒባስ ላይ ቢገጠም ምን ነበረበት? ኮምፒዩተር ሳይንሱና አውቶሞቲቩ በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው አንዱ የሌላውን በር የማያንኳኳው ለምንድን ነው? ልጁ ጥርሳሙን ጎማ ያስቆረጠው ስድስተኛ ክፍል ካቋረጠ ባለ ቶርኖ ዘንድ ነው። ሁለቱ ተቀምጠው የጥርሱን ስፋት ሲከራከሩ አይቻለሁ፤ እውነቴን ነው፣ ያን ያህል የጋለ የመመረቂያ ክርክር ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ነገ ጠዋት ካርቡሬተሩን ነቅሎ ሽቦ የሚያጠላልፍ አንባቢ እንዳይኖር አንድ ነገር ላስረግጥ። ኢንጂነሩ ወዳጄ በዚህ በኩል ልክ ነው። ቤንዚን ቀልድ አያውቅም። የካርቡሬተር ፓምፕ ቤንዚኑን የሚገፋው በአንድ ባር ሲሶ በማይሞላ ግፊት ነው፤ ኢንጀክተር ግን ሦስት ባር አካባቢ ይፈልጋል። አሥር እጥፍ ማለት ነው። የአርባ ዓመቷን የጎማ ቱቦ በዚያ ግፊት ብትሞሉት ተሰንጥቃ በጋለ ሞተር ላይ ትረጫለች፤ ቀሪውን መናገር አያስፈልግም። ልጁ የመጀመሪያ ገንዘቡን ያወጣው ለኮምፒዩተሩ አይደለም፤ ለኢንጀክሽን የተሠራ ቱቦ፣ ማጥበቂያና ማጣሪያ ላይ ነው። ሞተሩ መዞር ካቆመ ኮምፒዩተሩ ፓምፑን እንዲያጠፋው አድርጓል፤ ግጭት ቢደርስ ቤንዚን እየተገፋ እንዳይቀጥል። እሳት ማጥፊያው ወንበሩ ሥር ነው። ይህን የማያደርግ ሰው ደፋር አይደለም፤ ቃጠሎ ነው። ግን ልብ በሉልኝ፤ አደጋው የሚከለክለው በድፍኑ መነካካትን ነው እንጂ ማወቅን አይደለም። የጠቅላላው ከተማ የቡታጋዝ ቱቦ ሲበላሽ «ቡታጋዝ አንማር» አልተባለም።

ሌላው የሚቀርብልኝ መከራከሪያ ከሁሉ ዘመናዊው ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ዓለም ወደ ኤሌክትሪክ ሄዷል፤ ስለ ካርቡሬተር ታወራለህ?» እውነት ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ጠበቀ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። መንገዱም ጭስ በሌላቸው መኪኖች እየተሞላ ነው፤ በርከት ያሉት ከቻይና የመጡ፣ አንዳንዶቹም ስክሪናቸው ከቻይንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማይናገር። ጭሱ መቀነሱ ደስ ይለኛል፤ እንጦጦ ዳገት ላይ አፍንጫዬን ከሚይዙት አንዱ ነኝ። ግን ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ አዲስ አለመግባቱ አሮጌውን ከመንገድ አያነሣውም። እንዲያውም ዕድሜውን ያስረዝመዋል። ዲኤክሷ ትናንት በሌላ ትተካ ይሆናል፤ ዛሬ ግን እስከ መጨረሻዋ ፋሻ ድረስ ትነዳለች። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ደግሞ፣ ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ የሚወጣው እያንዳንዱ ጠብታ ከባለ መኪናው ጉሮሮ ላይ የሚነጠቅ ነው። አሮጌዎቹ ከኛ ጋር የሚቆዩ ከሆነ፣ አስተካክሎ መያዝ የጊዜው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛውና የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከዳር እስከ ዳር ኮምፒዩተር ነው። ባትሪውን የሚጠብቀው ኮምፒዩተር፣ ሞተሩን የሚነዳው ኮምፒዩተር፣ ቻርጁን የሚያዘው ኮምፒዩተር። በቤንዚኗ ዘመን «ኮምፒዩተሩ ሞቷል» የመኪናዋን አንድ አካል ይመለከት ነበር፤ በኤሌክትሪኳ ዘመን ይህ መርዶ የመኪናዋ የራሷ መርዶ ነው። ባለመኪናው ሊብሬው በስሙ ይሆናል፤ መኪናዋ ግን የማን ናት? መክፈት ካልቻልክ፣ የሚከፍት ሰውም በአገርህ ከሌለ፣ አንተ ተከራይ ነህ። ይህን መቃወም የደሃ አገር ጩኸት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በ2012 ሕዝበ ውሳኔ፣ የመኪና አምራቾች ለራሳቸው ነጋዴዎች የሚሰጡትን የጥገና መረጃ ለባለመኪናውና ለሰፈር ጋራዡም እንዲሰጡ ወስነዋል። በ2020 ደግሞ አጠናክረውታል። የአውሮፓ ኅብረትም አምራቾች የጥገና መረጃ ለገለልተኛ ጋራዦች ክፍት እንዲያደርጉ በሕግ ያስገድዳል። እነሱ መኪናውን ራሳቸው እየሠሩ እንኳ ይህን ጠየቁ። እኛ አንድ ቡሎን ሳንሠራ ዝም አልን።

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። መኪና አስመጪው ታክሱን ሲከፍል የሽቦውን ሥዕል፣ የጥገና መመሪያውንና ኮምፒዩተሩን የሚያናግረውን መሣሪያ በአገር ውስጥ እንዲያስቀምጥ ይገደድ፤ በምንችለው ቋንቋ። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ከመቁረጫ ሞተር ጎን አንድ ከፍተው የሚበይዱት ኮምፒዩተር ይኑራቸው፤ ሰሌዳው ከአንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለወርቅማው ፊደል የሚሰጡትን ማርክ ግማሹን መንገድ ላይ ለሚሄድ ነገር ይስጡ። ጋራዦች ደግሞ፣ ለእናንተ አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ፤ ኮምፒዩተሩ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት የመሬት ሽቦውን ለክታችኋል? ደንበኛውም ይህችን ጥያቄ ተምሮ ይሂድ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በትሕትና፣ «እስቲ ቮልቱን አሳየኝ፣ ወንድሜ» ይበል። መርዶ ነጋሪው ሲንተባተብ ያዩታል።

በዲኤክሷ ገበታ ላይ ገና ያልታረሙ ረድፎች አሉ። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ረድፎች፣ 80ው፣ 90ው፣ 100ው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ብንረግጠውም አይደረስባቸውም፤ አየሩ የለማ። በግምት የተሞሉ ናቸው፤ ግምት ደግሞ ልጁን ያሳክከዋል። ባለፈው ወር በፈጣን መንገዱ አዳማ ወርደን 80ውን አርመን ተመለስን። ለ90ው አዋሽ ድረስ መውረድ ያስፈልጋል። 100ው ጅቡቲ ነው፤ እሱ ይቆየን። ትናንት ማታ ደውሎ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ከረፋዱ በፊት ብንወጣ ሙቀቱ ሳይጠና አዋሽ ሰባት እንገባለን» አለኝ። ላፕቶፑ የሱ፣ መሪው የኔ፣ ቤንዚኑ እኩል።